የስሜን መንገድ፦ ከበቅሎ እስከ መኪና

ማለዳ ከጎንደር በመኪና የተነሣ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል። ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ትኬት ቆርጦ፣ ጠመንጃ ያነገተ የፓርክ ጠባቂ (ስካውት) አሳፍሮ ሽቅብ ይወጣል። ሳንካበር ላይ የጭላዳ መንጋ፣ ጨነቅ ላይ ገደል ለገደል የሚሄድ ዋልያ አይቶ ማታውኑ ጎንደር ይገባል። ዛሬ በአንድ ቀን የሚያልቀው ይህ ጉብኝት ለዘመናት የማይታሰብ ነበር። ስሜንን ስሜን ያደረገው ገደሉ ብቻ አይደለም፤ ገደሉን የሚሻገር መንገድ አለመኖሩም ጭምር ነው። ስለዚህ የተራራውን ታሪክ በመንገዱ በኩል ማንበብ ይቻላል፤ እንዲህ ሲነበብም ጥያቄው “መንገድ ይኑር ወይስ አይኑር” ሳይሆን “በየት ይለፍ፣ ማንንስ ይጥቀም” የሚል ሆኖ ይገኛል።

መንገድ አልባነቱ አስቀድሞ ያገለገለው ለሰው ነው። የቤተ እስራኤል ገዦች እስከ 17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የጎንደር አካባቢን ነገሥታት የተቋቋሙት በስሜን አምባዎች ተከልለው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ደጃዝማች ውቤ ትግራይን ጭምር የገዙት መሠረታቸውን ስሜን ላይ ጥለው ነበር፤ የተሸነፉትም እ.ኤ.አ. በ1855 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) እዚያው ደረስጌ ላይ ነው። ያሸነፏቸው ካሳ ኃይሉም ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣ ነጋዴ ዋናውን ተራራ በጎን እያለፈ የሊማሊሞን አቀበት በበቅሎ ይወጣ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1770 ጎንደር የገባው በዚሁ አቀበት ነው። መኪና ሊማሊሞን የወጣው ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ገደሉን ጠርበው በሠሩት ጠመዝማዛ መንገድ ነው። በ1941 ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር ለወራት የተከላከለውም ይህንኑ በር ነበር።

ፓርኩ በ1969 በሕግ ሲቋቋም ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ከ18 ዓመት በኋላ ግን፣ በ1996፣ አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከምክንያቶቹ አንዱ ፓርኩን አቋርጦ የተሠራው አዲስ መንገድ ነበር። መንገዱን ብቻ መክሰስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እርሻና ልቅ ግጦሽ ተስፋፍተው፣ የዋልያም ቁጥር ተመናምኖ ነበር። ቅርሱ በ2017 ከዝርዝሩ ሲወጣ ከተመሰከሩለት ሥራዎች አንዱ የትራፊኩን ጫና የሚቀንስ አማራጭ መንገድ መሠራቱ ነው። መፍትሔው መንገድን መዝጋት ሳይሆን ማዞር እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

“ለጃናሞራ ወረዳ ሰው መንገዱ ሕይወቱ ነው፤ ምጥ የያዛት እናት ሐኪም ቤት የምትደርሰው፣ እህል ገበያ የሚወጣው በእሱ ነው” የሚል ሙግት ይነሣል። እውነት ነው፤ ማንም ይህን መብት ለዋልያ ሲል ሊነፍገው አይገባም። ሆኖም መንገዱ ከፓርኩ እምብርት ውጭ ሲያልፍም ለሕዝቡ ያው መንገድ ነው። ሌላው ሙግት የቀን ጎብኚን ይመለከታል፦ አዛውንቱና ጊዜ ያጠረው ሰው ያለ መኪና ስሜንን አያይም። ይህም ልክ ነው። ነገር ግን በእግር ለቀናት የሚጓዝ እንግዳ በቅሎ ነጂና ምግብ አብሳይ ይቀጥራል፤ ከመኪናው ሳይወርድ የሚመለሰው ግን ከትኬቱና ከስካውቱ ክፍያ በቀር ለአካባቢው የሚተወው ጥቂት ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ለፓርኩ ህልውና ሲባል በ2016 ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። ዋጋውን የከፈሉት እነሱ ከሆኑ፣ ከጉብኝቱ የሚገኘው ጥቅምም መጀመሪያ ሊደርስ የሚገባው ለእነሱና ለጎረቤቶቻቸው ነው።

እንግዲህ ስሜንን በአንድ ቀን ለማየት የምትነሡ ሁሉ፣ በመኪና መሄዳችሁ አያስነቅፍም። ሳንካበር ስትደርሱ ግን ሞተሩን አጥፉ፤ የአገሩን ልጅ አስከትላችሁ ጥቂት ሰዓት በገደሉ አፋፍ ተራመዱ፤ ምሳችሁንና ማደሪያችሁንም ደባርቅ አድርጉት። መንገዱ ለተራራው ውለታውን የሚከፍለው እንዲህ ሲሆን ነው።