በቅሎ ተከልክሎ ቤንዚን ሲፈቀድ

የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ለጣሊያን እንዳይሸጡ ከተከለከሉት ነገሮች መካከል ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ነበሩ። ጎማ ነበረበት፣ ቆርቆሮም ነበረበት። ነዳጅ ግን አልነበረበትም።

መንዝ ላደገ ሰው በቅሎ ቀላል ነገር አይደለችም። ሙሽራ የሚመጣው በበቅሎ ነው፣ ገብሱ ወደ ገበያ የሚወርደውም በጋማ ከብት ነው። ሙሶሊኒ ግን አዲስ አበባ ለመግባት ያሰበው በካሚዮን ነበር።

ምክንያቱ ድብቅ አልነበረም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ካስቆጣነው ሂትለር ጉያ ይገባል ብለው ፈሩ። አሜሪካ የማኅበሩ አባል ስላልነበረች ደግሞ «እኛ ብናቆም እሷ ትሸጣለች» የሚል ምክንያት ተገኘ። እውነትም በእነዚያ ወራት ከአሜሪካ ወደ ጣሊያን የሚሄደው ነዳጅ ጨምሮ ነበር። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ወታደርና ቦምብ የጫነው መርከብ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ክፍያውን ከፍሎ ያልፋል። በዚያ ላይ ከወረራው በፊት፣ በ1927 ክረምት፣ ሁለቱ መንግሥታት «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» ብለው ነበር። ጣሊያን መሣሪያ የምትሠራበት የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። እኩል ክልከላ ሲሉት እንዲህ ያለውን ነው።

የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ሙሶሊኒ በ1938 (እ.ኤ.አ.) ለሂትለር ራሱ ነግሮታል፦ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ ነበር። ሰውየው ጉራ ይወድ ስለነበር ሳምንቷን እንቀንስለት። ቢሆንም ነገሩ ከመሬቱ ጋር ይገጥማል። በሚያዝያ 1928 የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነስቶ ከሺህ በላይ መኪና አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ የመንዝን ደጋ ጫፍ ታኮ ጣርማ በር ላይ ደረሰ። መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። ሠራዊቱ ጠግኖት አለፈ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ያንን ዳገት የወጣው እያንዳንዱ ካሚዮን የጠጣው ቤንዚን ማንም ያልከለከለው ቤንዚን ነው። ዛሬ ወደ ደሴ ስትሄዱ መኪናችሁ የሚያልፍበት የጣርማ በር ዋሻ ደግሞ ራሱ ጣሊያን በኋላ የቆፈረው ነው።

ቀሪው ቶሎ አለቀ። ሰኔ 23 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ቆመው ተናገሩ፤ ሐምሌ 8 ማዕቀቡ ተነሳ። ስምንት ወር ገደማ ብቻ። በኅዳር 1931 እንግሊዝና ፈረንሳይ የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብለው ዕውቅና ሰጡት።

ከዚያ አምስት ወር ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1931 መጀመሪያ፣ መንዝ ውስጥ ዘረት ላይ የሆነውን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር የነበሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ልጆች፣ ሽማግሌዎችና ቁስለኞች፣ አመፀኛ ዋሻ በሚባለው ዋሻ ተጠልለው ነበር። የጣሊያን ጦር ከበባቸው። የኬሚካል ክፍሉን አስመጥቶ የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው። ጣሊያን ይህን ጋዝ የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት ከፈረሙት አንዷ ነበረች። ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ከራሱ ከጣሊያን ጦር ሰነድ ተነስቶ ዋሻውን አግኝቶ፣ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ታሪኩን ይፋ እስኪያወጣው ድረስ ነገሩን በደንብ የሚያውቀው ያገሩ ሰው ብቻ ነበር። እጃቸውን ከሰጡት ወንዶች ወደ 800 የሚጠጉት በጥይት እንደተገደሉ ጽፏል። ያን ጊዜ ጣሊያን ላይ ምንም ማዕቀብ አልነበረም።

ስለዚህ «ማዕቀብ ድሃን ብቻ ነው የሚጎዳ፣ ይቅር» የሚለውን ክርክር ስሰማ ቶሎ አልስማማም። በ1928 ማዕቀቡን የለመነው ተወራሪው ሕዝብ ራሱ ነበር። የደቡብ አፍሪካንም ብናይ፣ ዕቃችንን አትግዙ ብለው ዓለምን የጠየቁት ከአፓርታይድ በታች ያሉት ጥቁሮች ናቸው። ኢትዮጵያም ከላይቤሪያ ጋር ሆና በ1960 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ያቆመችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጄኔቫ ላይ ምን እንደሚመስል ቀምሳዋለች።

ክርክሩ የሚከብደኝ ወደ ራሳችን ሲመጣ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት በተፈጸመው ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ጥሰቱ ውሸት አልነበረም፤ ትግራይ ውስጥ የሆነውን «ኖ ሞር» ብለን በመፈክር መሸፈን አንችልም። ግን ይህ ቅጣት ከጦርነቱ ምኑን ከለከለ? ጥይቱንም ነዳጁንም አልነካም። የነካው ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባውን ሸሚዝና ሱሪ ነው። ሸሚዙን የሚሰፉት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዛቸውን በወር 26 ዶላር ብሎታል። ትልቁ የሐዋሳ ፋብሪካ ባለቤት ፒቪኤች ቀኑ እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀም፣ ኅዳር ላይ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። በዚያው ወር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ነበር፤ ጣርማ በር ሥር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱን ዘመን ሳስተያይ የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። በ1928 በቅሎ ተከልክሎ ቤንዚን ተፈቀደ፤ በ2014 ሸሚዝ ተከልክሎ ጥይት አልተነካም። ሁለቱም ጊዜ የተመረጠው ከልካዩን የማያስከፍለው ነው። የአንድ የሐዋሳ ሰፊ ልጅ ሥራ ማጣት ዋሽንግተን ውስጥ ማንንም ድምፅ አያሳጣም።

«ታዲያ ምን ይደረግ፣ ዝም ይባል?» የሚለኝ አይጠፋም። አይባል። የጦር መሣሪያ ሻጩን፣ ድሮን ላኪውን፣ የአዛዦችን የባንክ ሒሳብ መንካት ይቻል ነበር። አሜሪካ በኅዳር 2014 የኤርትራን ጦርና አንዳንድ ባለሥልጣናቷን በስም ለይታ ቀጥታለች፤ ስለዚህ መንገዱ አይታወቅም ማለት አይቻልም።

የጣሊያን ማዕቀብ የተነሳው ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባች በሦስተኛው ወር ነው፣ አሸናፊ ስለሆነች። የፕሪቶሪያው ስምምነት ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ከዚያ በኋላም ኢትዮጵያ ወደ አጎዋ ሳትመለስ ዓመታት አለፉ።