የግዕዝ ፊደል የንክኪ ቁልፍ ሰሌዳ

የግዕዝ ፊደል የንክኪ ቁልፍ ሰሌዳ (በተለምዶ «የአማርኛ ኪቦርድ») በስማርት ስልክ ስክሪን ላይ በጣት በመንካት አማርኛን፣ ትግርኛንና በግዕዝ ፊደል የሚጻፉ ሌሎች ቋንቋዎችን ለመጻፍ የሚያገለግል ሶፍትዌር ነው። ዋና ተግባሩ ከ200 በላይ የሆኑ ፊደላትን የጣት ጫፍ በማይሳሳትበት መንገድ በጠባብ ስክሪን ላይ ማቅረብ ነው።

የችግሩ መነሻ

በአማርኛ ፊደል ገበታ ላይ «ቨ»ን ሳይጨምር 33 ቤቶች አሉ። እያንዳንዱ ቤት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ቅርጽ ስላለው 231 ፊደላት ይሆናሉ። እንደ ሟ፣ ቧ፣ ኳና ጓ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። የላቲን ፊደል ግን ለእንግሊዝኛ 26 ቁልፎች ይበቁታል።

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። ለቁልፍ ሰሌዳ የሚውለው የስክሪኑ ክፍል 65 ሚሊሜትር ስፋትና 40 ሚሊሜትር ቁመት አለው ቢባል፣ 231 ፊደላት በአንድ ጊዜ ቢደረደሩ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጎኑ 3.4 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ካሬ ነው። 33ቱን ቤቶች ብቻ በአራት ረድፍ ማስቀመጥ ግን የአንዱን ቁልፍ ስፋት ከ7 ሚሊሜትር በላይ ያደርገዋል። የአንድሮይድ የንድፍ መመሪያ ለሚነካ ነገር ቢያንስ 48 ዲፒ፣ ማለትም 9 ሚሊሜትር ገደማ፣ የአፕል መመሪያ ደግሞ 44 ነጥብ እንዲሆን ይመክራሉ። ስለዚህ ፊደላቱን በቤት መመደብና ቀሪውን በሁለተኛ ንክኪ ማውጣት ግድ ይሆናል።

ታሪክ

የፊደሉን ብዛት ከመሣሪያ ጋር የማስታረቅ ጥረት ከስልክ ይቀድማል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፍስሐ አትላውና ዶ/ር አበራ ሞላ ግዕዝን በኮምፒውተር ለመጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችን ሠርተዋል። በዚያን ዘመን አንዱ ፕሮግራም የጻፈውን ሌላው ማንበብ አይችልም ነበር። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት ግን ለእያንዳንዱ ፊደል ዓለም አቀፍ የሆነ አንድ ቁጥር ተሰጠው።

የስልኮች ስክሪንም በበኩሉ ተለውጧል። እንደ ዊንዶውስ ሞባይል ባሉ ቀደምት ስርዓተ ክወናዎች ላይ ትናንሾቹ ምናሌዎች የሚነኩት በቀጭን የፕላስቲክ ብዕር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን፣ በ2008 ደግሞ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ከወጡ በኋላ ስክሪኖች ለጣት እንዲመቹ ሆነው መሠራት ጀመሩ። በ2009 የወጣው ዊንዶውስ ሞባይል 6.5 ምናሌውን ያሰፋው በዚህ ምክንያት ነበር።

ለግዕዝ ወሳኝ የሆነው ሌላው ለውጥ ስርዓተ ክወናዎቹ ከሌላ አዘጋጅ የሚመጣ ቁልፍ ሰሌዳ መቀበላቸው ነው። አንድሮይድ ይህን እ.ኤ.አ. በ2009 በ1.5 እትሙ፣ የአፕል አይኦኤስ ደግሞ በ2014 በ8ኛ እትሙ ፈቅደዋል። ከዚያ ወዲህ አምራቹን ሳይጠብቁ ቁልፍ ሰሌዳ ሠርቶ ማሠራጨት ተችሏል። ዛሬ የጉግሉ ጂቦርድና ኪማን አማርኛን ከሚያስጽፉት መካከል ናቸው።

የአጻጻፍ ስልቶች

* *በድምፅ (በላቲን ቁልፍ)*፦ ተጠቃሚው የላቲን ፊደላትን ሲነካ ሶፍትዌሩ ወደ ግዕዝ ይቀይራቸዋል። ተነባቢው ብቻውን ሲነካ ሳድስ ይወጣል፤ አናባቢ ሲከተለው ቅርጹ ይለወጣል። በአማርኛ ጽሑፍ ሳድስ እጅግ ስለሚበዛ ይህ ስልት ብዙ ንክኪ ይቆጥባል። ጉድለቱ የላቲን ፊደልን ማወቅ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። እንደ ጠና ጨ ያሉትን ለማግኘትም ብዙ ጊዜ የትልቅ ፊደል መቀየሪያውን መንካት ያስፈልጋል።
* *በቤት*፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ የግዕዝ ቅርጾች ይደረደራሉ። አንዱ ሲነካ የቤቱ ዘሮች ከላይ ይዘረጋሉ። ፊደል ገበታን የቆጠረ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ትምህርት ሊጠቀምበት ይችላል።
* *በመጫንና በማንሸራተት*፦ ቤቱን ተጭኖ ጣትን ሳያነሱ ወደሚፈለገው ዘር መሳብ ነው።

«ሰላም» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ስልት አምስት ንክኪ ይወስዳል። በሁለተኛውም «ሰ» በአንድ፣ «ላ» እና «ም» በሁለት በሁለት ስለሚጻፉ አምስት ይሆናል። በሦስተኛው ግን ጣት ሦስት ጊዜ ብቻ ያርፋል።

ጣት የሚጽፈውን ፊደል ራሱ ይሸፍናል። ስለዚህ የተነካው ፊደል ጎልቶ ከጣቱ በላይ እንዲታይ ይደረጋል። ይህ በተለይ እንደ ሰና ስ፣ ቡና ቢ ላሉት በትንሽ ጭረት ብቻ ለሚለያዩ ፊደላት ይጠቅማል።

የመልእክት ርዝመት

የጽሑፍ መልእክት (ኤስኤምኤስ) በመሠረታዊ የላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል እንኳ ከገባበት ግን መጠኑ ወደ 70 ይወርዳል። ይህ ብዙዎች አማርኛን በላቲን ፊደል እንዲጽፉ ካደረጉ ምክንያቶች አንዱ ነው። ልዩነቱ ግን ቁጥሩ እንደሚያሳየው የሰፋ አይደለም። ግዕዝ ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ፊደል ስለሚይዝ በላቲን አምስት ምልክት የሚፈጀው «ሰላም» በግዕዝ በሦስት ያበቃል።

በደቡብ ኦሞ

በጂንካ፣ በካኮና በቀይ አፈር አማርኛ የገበያና የቢሮ መግባቢያ ሆኖ ያገለግላል። በአካባቢው ግን አሪኛ፣ ሐመርኛ፣ ጸማይኛ፣ ሙርሲኛና ሌሎች ቋንቋዎች ይነገራሉ። ለአማርኛ ብቻ የተሠራ ቁልፍ ሰሌዳ ለእነዚህ ሁሉ አይበቃም። ለምሳሌ ሐመርኛና ሙርሲኛ አየርን ወደ ውስጥ በመሳብ የሚነገሩ፣ ከአማርኛ «ብ» እና «ድ» የተለዩ ድምፆች አሏቸው።

ለባስኬቶ ቋንቋ፣ እንዲሁም ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ የሚያገለግሉ ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኒኮድ 6.0 ገብተዋል። የጉሙዝኛ ፊደላትን ጨምሮ በዚያ ምድብ የተካተቱት 32 ናቸው። ፊደሉ ቁጥር ማግኘቱ ግን ብቻውን አይበቃም። የስልኩ ፎንት ቅርጹን ካልያዘ አንባቢው የሚያየው ባዶ ሳጥን ነው፤ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ ከሌለ ደግሞ ጸሐፊው በሚመስለው የአማርኛ ፊደል ይተካዋል። በዚህም ሁለት የተለያዩ ቃላት አንድ ዓይነት ሆነው ሊጻፉ ይችላሉ።

ጉዳዩ ከመልእክት መለዋወጥ ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ እንደጀመረው ቴሌብር ያሉ አገልግሎቶች ገንዘብ ማስተላለፍን ወደ ስልክ አምጥተዋል። የቁልፉ መጥበብና የቋንቋው አለመኖር በስልክ የሚሰጥን አገልግሎት ማን ራሱ እንደሚጠቀም፣ ማንስ ሌላ ሰው እንዲነካለት እንደሚጠይቅ የሚወስኑበት ጊዜ አለ።

ደግሞ ይዩ

* የግዕዝ ፊደል
* ዩኒኮድ
* ስርዓተ ክወና
* ደቡብ ኦሞ