ዐጸድ ያለ ዛፍ

የሐዋሳ ልጅ ሆኖ ገብርኤልን የማያውቅ የለም። ቀጠሮ ስንይዝ «ገብርኤል ጋ» እንባባላለን። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርስ ደግሞ ከየአገሩ የሚመጣው እንግዳ ከተማውን ያጥለቀልቀዋል። ያን ቀን ጥላ ያለው ቦታ ማግኘት ሎተሪ ነው። እስኪ ዛሬ ስለ ጥላው እናውራ።

የቤተ ክርስቲያን ግቢ «ዐጸድ» ይባላል። ቃሉ ግእዝ ነው፤ የታጠረ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። «ዐጸደ ወይን» ብንል የወይን እርሻ ነው። የሞቱትን እንኳ «በዐጸደ ነፍስ ያሉ» እንላቸዋለን። «ገዳም»ም ቢሆን በግእዝ ዱር ማለት ነው። እንግዲህ ስሙን ያወጡት ሰዎች ግቢውን ያለ ዛፍ አላሰቡትም።

ለምን? መጽሐፍ ቅዱስ የሚጀምረው በአትክልት ስፍራ ነዋ! አዳም ገነት የገባው ሊዝናና ሳይሆን ሊያለማትና ሊጠብቃት ነው። ክርስቶስ ከመያዙ በፊት የጸለየው በጌቴሴማኒ ነው፤ የተቀበረውም በአትክልት ቦታ ነው። ስለዚህ ዛፎቹ ለምእመኑ የገነት ምሳሌ ናቸው። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ እያለ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ቅድስና ከደጅ፣ ከዛፎቹ ይጀምራል።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ደቡብ ጎንደር ይሂድ። እርሻውና ግጦሹ ዙሪያውን ሲራቆት፣ በየአጥቢያው መሃል አረንጓዴ ክብ ቀርቷል፦ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ። በውስጡ መቃብር አለ፣ የቆሎ ተማሪ ጎጆ አለ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች አግኝተዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ መሬቷን አጣች፤ ደኑ ግን በብዙ ቦታ ተረፈ። ዘበኛው ጠመንጃ ሳይሆን «ነውር ነው» የሚለው ቃል ነበር።

ዛሬ ግን ነውሩ ብቻውን አልበቃም። ከብት ገብቶ ችግኙን ይበላል፣ እርሻው ይገፋል፣ አገር በቀሉ በባሕር ዛፍ ይተካል። በዚህም የተነሳ አንዳንድ አጥቢያዎች ከማሳ የለቀሙትን ድንጋይ ክበው ደኑን አጥረውታል። ከብቱ ሲቀር ችግኙ ይበቅላል።

ወደ ሐዋሳችን እንመለስ። ከተማችን በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ወጣት ናት፤ እንደ ጎንደር ለዘመናት የተጠበቀ ደን አልወረስንም። ሐሳቡን ግን ከሁለት ወገን ወርሰናል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው ፊቼ ጨምበላላ የሲዳማ አባቶች ከሚሰጡት ምክር አንዱ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚል ነው። ዐጸዱም የሚለው ይህንኑ ነው።

ታዲያ በየከተማው ግቢ «ይመር» ተብሎ ከአጥር እስከ አጥር ሴራሚክና ሲሚንቶ ሲነጠፍ ምን እንበል? ምእመኑ ጭቃ ይርገጥ አላልንም። መተላለፊያው ይነጠፍ፣ የቀረው አፈር ሆኖ ይቆይ። ለሕንፃ ማሠሪያ እንደምናዋጣው ሁሉ ለጽድና ለወይራ ችግኝ፣ ለሚያጠጣውም ሰው እናዋጣ። አለዚያ ልጆቻችን «ዐጸድ» የሚለውን ቃል ያውቁታል፤ ምን እንደሆነ ግን የምናሳያቸው አይኖረንም።