ፍል ውሃን በአሮጌ ካርታ ላይ መፈለግ

የአንድ ከተማ ታሪክ በመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በካርታም ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ የተቈረቈረችው በ1879 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት በተሣለ ካርታ ላይ ስሟን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ታዲያ ቦታዋን በምን እናውቀዋለን? በተራሮቿ ነው። በሰሜን እንጦጦን፥ በምዕራብ ወጨጫን፥ በደቡብ ምሥራቅ የረርን፥ እንዲሁም ለእኛ ለሀይሌ ጋርመንት ተማሪዎች በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘውን ፉሪን ለይተን ምልክት ብናደርግባቸው፥ ከእንጦጦ ግርጌ በመካከላቸው የተዘረጋው ሜዳ ፍል ውሃ የሚፈልቅበት አገር ነው።

እነዚህ ተራሮች በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራዎች ነበሩ። እሳታቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፥ የምድር ውስጥ ሙቀት ግን አልጠፋም። የዝናብ ውሃ በዓለት ስንጥቅ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፤ በዚያም ሞቆ መሬቱ በተሰነጠቀበት መሥመር ተመልሶ ይወጣል።

ቦታው ከከተማዋ በፊት ስም ነበረው፤ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ይሉታል። በ1833 ዓ.ም. በእንግሊዞች ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ የተላከው ካፒቴን ሃሪስ፥ የንጉሡን ዘመቻ ተከትሎ ያየውን ሲጽፍ ለምለሙን የፊንፊኔን ሸለቆ ያነሣል። ነገር ግን የሚያነሣው መንደሮቹ በዘማቹ ጦር ሲቃጠሉ ነው። እንግዲህ ይህ ስም በመጽሐፉ የደረሰን ከነሐዘኑ ነው።

ኋላም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በእንጦጦ ተቀምጠው ሳሉ፥ ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል ፍል ውሃውን ወድደው በ1879 ዓ.ም. ከግርጌው ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ከዚያ ወዲህ በተሣሉት ካርታዎች አዲስ አበባ በትልቅ ፊደል ሲጻፍ፥ ፍል ውሃ የአንድ ሰፈር ስም ብቻ ሆነ። በብሔራዊ ቤተ መንግሥት አቅራቢያ ውሃው በቧንቧ ተስቦ ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ሲታጠብበት ኖሯል፤ ለከተማዋ መቈርቈር ምክንያት መሆኑን የሚያስታውስ ታጣቢ ግን ጥቂት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ! አንዱን ስም ማወቅ ሌላውን መካድ አይደለም፤ ሁለቱም ስሞች ከአንድ ምንጭ አጠገብ የተነሡ ናቸው። ስለዚህ አሮጌ ካርታ እጃችሁ ሲገባ የተጻፈውን ስም በማንበብ ብቻ አትርኩ። ከዚያ ስም በፊት ቦታው ምን ይባል እንደ ነበር፥ ማንስ ይኖርበት እንደ ነበር አባቶችንና እናቶችን ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ጻፉ። ካልተጻፈ ይረሳልና።