የጣሊያን ናት የተባለችው ሞተር ብስክሌት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ተጉዞ ደብረ ብርሃንን ያለፈ መንገደኛ፣ የጣርማ በርን ዋሻ እንደ ተሻገረ ምድር ከእግሩ በታች የተከፈለች ይመስለዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ገብስና ባቄላ ወደ ኋላ ይቀሩና ማሽላና ማሾ ይተካሉ፤ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች።

ወደዚህች ከተማ የወረድኩት ለታሪክ ጥናት አልነበረም። ትንሽ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ገዝቼ፣ በትርፍ ጊዜዬ ፈታትቼና አድሼ ዳግም ለማስነሣት ካሰብኩ ቆይቻለሁ። በአዲስ አበባ ያሉት አሮጌዎች ወይ ዋጋቸው አይቀመስም፣ ወይ አካላቸው ተበልቶ አልቋል። በዚህ ጊዜ ነው አንድ የማውቀው መካኒክ፣ «ይፋት ውስጥ ጣሊያን ጥሏት የሄደች ሞተር አለች» ብሎ የነገረኝ። አንባቢ እንደሚያውቀው በአገራችን ባለቤቱ የተረሳ ብረት ሁሉ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው። ድልድዩም፣ የወፍጮው ድንጋይ መዘውርም፣ የዛገው በርሜልም የጣሊያን ነው። ቢሆንም ስለ ይፋት የተነገረውን ይህን ወሬ እንዲሁ ለማጣጣል አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ይፋት ከጥንት ጀምሮ መንገድ ነው።

በ14ኛው ምዕት ዓመት ዐፄ ዐምደ ጽዮን ከሰብረዲን ጋር የተዋጉበት የይፋት ሡልጣኔት ኃይሉን ያገኘው ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው ከሚወጣው የንግድ መስመር ነበር። ጨው፣ ጨርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ በግመልና በበቅሎ በዚህ ቆላ ዳርቻ ተመላልሷል። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ወደ አንኮበር ሲወጣ፣ ጓዙ ከግመል ጀርባ ላይ የወረደው በዚሁ በይፋት ተራሮች ግርጌ ነው። ቆላው የግመል፣ ደጋው የበቅሎ ነበርና ጭነት የሚገላበጠው እዚያ ነው። ተሽከርካሪ ግን ለረጅም ዘመን አልደረሰበትም። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ምኒልክ ከተማ በእንግሊዛዊው ቤንትሌይ እጅ ሲገባ፣ የመጣው በሌላ አቅጣጫ ከሶማሌ ጠረፍ በኩል ነበር።

በይፋት ቆላ ሞተር በብዛት የተሰማው በክፉ ቀን ነው። ማርሻል ባዶሊዮ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ያዘመተው ጦር ከ1,700 የሚበልጥ ተሽከርካሪ ነበረው፤ ዋናው ሰልፍ የተጓዘውም በዚሁ በሮቢትና በደብረ ሲና መንገድ ነው። ያ ሁሉ ካሚዮን ጣርማ በር ሲደርስ ቆመ። ወገን መንገዱን አፍርሶት ስለ ነበር የጠላት ወታደር መትረየሱን አስቀምጦ አካፋ ለመያዝ ተገደደ፤ ገደሉ ተሞልቶ መኪና እስኪያልፍ ድረስ ብዙ ሰዓት ባከነ። ጦሩ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በኋላ ያንን በር በዋሻ ለመብሳት የተነሣሡት ያንን መጉላላት ሳይዘነጉ ይመስለኛል። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የጣርማ በር ዋሻ በወረራው ዘመን ተሠርቶ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

በዚያ ጦር ውስጥ መልእክት ለማድረስና ለቅኝት የሚያገለግሉ ሞተር ብስክሌቶች ነበሩ። የጣሊያን ጦር በእነዚያ ዓመታት በብዛት ይገለገልባቸው ከነበሩት አንዱ በኮሞ ሐይቅ አጠገብ ማንዴሎ በምትባል ከተማ የሚሠራው ሞቶ ጉዚ ነው። ይህን ሞተር ብስክሌት አንድ ጊዜ ያየ ሰው ከሌላው ጋር አያምታታውም። 500 ሲሲ የሆነው አንዱ ሲሊንደር እንደ ሌሎቹ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ፊት ተጋድሞ ከፊት ጎማው ጋር ይፋጠጣል። ከሞተሩ በስተ ግራ ደግሞ ትልቅ የብረት መዘውር ከውጭ ይሽከረከራል። ድምፁም የአራት ምት ሞተር ድምፅ ስለ ሆነ ዘገም ያለና ከባድ ነው። ይህን የምዘረዝረው በኋላ ስለሚጠቅመን ነው።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ድል ሲሆን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የዘመቱት የደቡብ አፍሪቃ ወታደሮችና አርበኞች ይህንኑ መንገድ ይዘው ደሴን በሚያዝያ ወር አስለቀቁ። ከወራሪው የተማረከው ንብረት ግን ሁሉ ለባለ አገሩ አልቀረም፤ ብዙ ተሽከርካሪና መሣሪያ በእንግሊዝ ጦር እየተጫነ ከአገር መውጣቱ በዘመኑ ብርቱ ቅሬታ ያስነሣ ጉዳይ ነበር። የቀረውም መለዋወጫ ሲያጣ በየጋራዡ ተበልቶ አለቀ፤ ብረቱ ማረሻና ማጭድ ሆነ። ስለዚህ ከዚያ ዘመን ሙሉ አካሏን ይዛ በቆላ ፀሐይ የቆየች ሞተር ብስክሌት ማግኘት እጅግ የዕድል ነገር ነው።

ጣሊያን በእርግጥ ጥሎት የሄደውን ለማየት የሚፈልግ ሰው ከብረቱ ይልቅ ወደ ጋራዥ ገብቶ ንግግሩን ቢያዳምጥ ይሻለዋል። ሸዋ ሮቢት ደርሼ በመጀመሪያ የገባሁት ወደ አንድ የባጃጅ ጋራዥ ነበር። ወጣቱ መካኒክ ሞተሯን ከዚህ በፊት አይቷት እንደ ሆነ ስጠይቀው፣ «ካንዴላዋ የለም፣ ማርሚታዋ በስብሷል፣ ፍሪሲዮኗ ግን አለ» አለኝ። ረዳቱንም «ካቻቢቴውን አምጣ፣ ይኸ ብሎን ላልቷል» ሲል አዘዘው። ይህ ልጅ የተወለደው ወራሪው ከወጣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው፤ የሚጠግነው መኪና በህንድ አገር የተሠራ ነው፤ የሚናገረው የሥራ ቋንቋ ግን ግማሹ ከሮማ የመጣ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፒንሳ፣ ታርጋ፣ ቦሎ የምንለውም እንዲሁ ነው። የቋንቋ ተመራማሪዎቻችን የግእዝ ሥርወ ቃል በሚፈልጉበት ትጋት አንድ ቀን ጋራዦቻችንን ቢጎበኙ ብዙ ባገኙ ነበር።

ሞተሯ ያለችበት ግቢ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ባለቤቷ ባላቸው የሞቱባቸው አዛውንት ናቸው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ በደረሰ ጊዜ ሞተሯን በማሽላ አገዳ ክምር ሸፍነው እንዳዳኗት ነገሩኝ። የልጅ ልጃቸው አገዳውን ገለል ሲያደርግ አቧራው እስኪበርድ ጠበቅን።

«እማማ፣ ከየት ነው ያገኟት?» አልኳቸው።

«ጣሊያን ሲሸሽ ጥሏት የሄደች ናት፣ ልጄ። የልጆቼ አባት ከመንግሥት በጨረታ ነው የገዛት።»

እነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን አልተከራከርኩም። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል፤ ከውጭ የሚሽከረከር መዘውርም የለም። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነው። ከሁሉ በላይ ያስታወቀኝ የኋላው ሰንሰለት ነው፤ ከላይና ከታች እንደ እጅጌ በተሰፋ ጥቁር ጎማ ውስጥ ገብቶ ከአቧራና ከጭቃ ተሸፍኗል። ሰንሰለቱን በዚህ ዓይነት የሚሸፍን አንድ ፋብሪካ አውቃለሁ። የሰልባትዮው ቀለምና ጽሑፍ ተልጦ አልቋል እንጂ፣ ይህች በምሥራቅ ጀርመን በቾፓው ከተማ የተሠራች ኤም ዜድ ናት። ስለሆነም ትሬንታ የተባለ ሶልዳቶ አልነዳትም፤ ዕድሜዋም ከእኔ ዕድሜ ብዙ አይርቅም።

የቾፓው ፋብሪካ የራሱ ታሪክ አለው፤ እኔም ከጣሊያኑ ታሪክ ይልቅ ይህን ወድጄዋለሁ። ያቋቋመው ራስሙሰን የተባለ የዴንማርክ ሰው ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ለመሥራት ሞክሮ አልሆነለትም፤ የዚያ ሙከራ ስም ምሕጻር ዴ ካ ቬ ግን የድርጅቱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ በትንንሽ ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ አተኩሮ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በዓለም ቀዳሚ ከሆኑት የሞተር ብስክሌት ፋብሪካዎች አንዱ ለመሆን በቃ። በ1939 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ባለ 125 ሲሲው ሞተር ብስክሌት ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የድል አድራጊዎች ምርኮ ሆነ። ሶቪየቶች ገልብጠው ሠሩት፤ እንግሊዞች ባንታም ብለው ሠሩት፤ አሜሪካኖችም በሃርሊ ዴቪድሰን ስም አወጡት። በ1955 (እ.ኤ.አ.) ያማሃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሞተር ብስክሌትም ይህንኑ አርአያ ያደረገ ነበር። ፋብሪካውን ጦርነቱ ባዶ አስቀርቶት ሳለ ሠራተኞቹ በዚያው ስፍራ እንደገና ሥራ ጀመሩ፤ ኤም ዜድ የሚለው ስምም የወጣለት ከዚያ በኋላ ነው።

የምሥራቅ ጀርመን ብረት ወደ አገራችን በብዛት ይገባ የጀመረበት ምክንያት ደግሞ ቡና ነው። በ1975 (እ.ኤ.አ.) ብራዚል ውስጥ ውርጭ የቡናውን ተክል ፈጀና የዓለም ዋጋ ናረ። የውጭ ምንዛሪ ያጠራት ምሥራቅ ጀርመን ለሕዝቧ ከሌላ እህል ጋር የተደባለቀ ቡና ብታቀርብ ሕዝቡ አንጎራጎረ። በ1969 ዓ.ም. ባለሥልጣኑ ቬርነር ላምበርዝ አዲስ አበባ መጥቶ ከደርግ ጋር ተዋዋለ፤ በቡና ፋንታ ጦር መሣሪያ፣ የጭነት መኪናና ትራክተር ሊሰጥ ተስማማ። ውሉ ብዙም አልዘለቀ፤ ኢትዮጵያ ቡናዋን በጥሬ ምንዛሪ መሸጥ ስለ መረጠች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቆመ። የዚያ ወዳጅነት ምልክት ግን በየቦታው ቀርቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የሚታየውን የካርል ማርክስ ሐውልት የቀረጸው ምሥራቅ ጀርመናዊ ነው፤ ኢፋ የተባለውንም የጭነት መኪና የማያስታውስ ጎልማሳ የለም። አንድ ሲኒ ቡና ያጣ የላይፕዚግ ሠራተኛና አንድ ጥይት ያጣ ወታደር በአንድ ውል ላይ መገናኘታቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

በማግሥቱ ወደ ግቢው ስመለስ ልቤ በሁለት ተከፍሎ ነበር። እማማ የጠየቁት 80,000 ብር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው በሆቴሉ አዳራሽ «የፋሺስት ጦር ሞተር» ብሎ ሊያቆማት ፈልጎ ይህንኑ ዋጋ ጠርቶላቸዋል። እውነቱን ብናገር ዋጋዋ ይወድቃል፤ ሰውየውም ይሸሻል። እኔ ደግሞ ገዥ ነኝ፤ የምናገረው እውነት ኪሴን የሚጠቅም እውነት ነበር። እንዲህ ያለውን እውነት ሰው ቢጠራጠረው አይፈረድበትም። ስለዚህ ከመናገሬ በፊት ሊብሬዋ እንዳለ ጠየቅኋቸው።

የልጅ ልጃቸው ከሳጥን ሥር የቆርቆሮ ጣሳ አወጣ። በውስጡ የጨረታ ደረሰኝና ጠርዙን ምስጥ የበላው ሊብሬ ነበሩ። የሻንሲው ቁጥር ከመሪው አንገት ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር አንድ ነው፤ የሥሪት አገር ጀርመን፣ የሥሪት ዘመን 1979 (እ.ኤ.አ.) ይላል። ወጣቱ ጮክ ብሎ አነበበላቸውና ፊቱ ጠቆረ። እኔም በራሳቸው ምርጫ ሌላ መካኒክ አምጥተው እንዲያሳዩ ነገርኳቸው፤ ለአዲስ አበባው ሰውም ሊብሬውን አሳይተውት አሁንም ከፈለገ ቢሸጡለት ቅር እንደማልሰኝ ጨመርኩ።

እማማ ጥቂት ዝም አሉ። «ጣሊያን ነዳት ሲሉኝ አንድ ቀንም ደስ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «እኔ የማውቀው እሱን ነው። የእርሻ ሠራተኛ ነበር፤ በጀዋሃ በኩል ሲመጣ ድምፅዋን ከሩቅ እሰማና ጀበናውን እጥድ ነበር።»

የሆቴሉ ሰው ሊብሬውን ካየ በኋላ አልተመለሰም። እኛም በ50,000 ብር ተስማማን፤ ከዚያ በታች ሊሆን ይችል እንደ ነበር አውቃለሁ። የስም ዝውውሩ ሁለት ወር ፈጀ። ሞተሯን በኢሱዙ ጭኜ ጣርማ በርን ሳልፍ ዋሻው በጉም ተሞልቶ ነበር።

አሁን ፒስተኗ በጋዝ ተነክሮ ከርሞ ተላቅቋል። 143 ሲሲ የሆነው ሲሊንደር ከተጠበቀው በላይ ደኅና ነው፤ ቀለበቶቹ ግን መለወጥ አለባቸው። ሰልባትዮው ከውስጥ ዝጓል። የቾፓው ፋብሪካ ኤም ዜድ መሥራቱን ስላቆመ መለዋወጫ የምለምነው ከአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ነው። ከሰንሰለቱ የጎማ እጅጌዎች የታችኛው ተሰንጥቋል፤ ሌላ እስከማገኝ ድረስ በባጃጅ ከመነዳሪ ቁራጭ ለጥፌዋለሁ።