ካፕኬክ የሚመስለው የባኞ ቦምብ፤ አሠራሩና ኃላፊነቱ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በገና ሰሞን፣ ከአሜሪካ የመጣች የእህቴ ልጅ በኬክ ቤት ሣጥን የተደረደሩ ስድስት ካፕኬኮች ይዛ ቤታችን ገባች። ቡና እየተፈላ ስለነበር ሣጥኑ ከፈንዲሻውና ከዳቦው ጎን ተቀመጠ። ኬኮቹ ሐምራዊ ክሬም ተጠቅልሎባቸዋል፤ በክሬሙ ላይ የስኳር ፍርፋሪ ተበትኗል፤ የኬክ ወረቀታቸውም አልቀረም። ማንንም ሳልጠይቅ አንዱን አንስቼ ገመጥሁ። «ኧረ ጋሼ፣ እንዳይበሉት! የገላ መታጠቢያ ነው እኮ!» የሚለው ጩኸት የደረሰው አፌ በአረፋ ከተሞላ በኋላ ነው።

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቁን ያቆመው የጎረቤታችን የ4 ዓመት ልጅ ነው። ሕፃኑ በሌላኛው ኬክ ላይ ያለውን ክሬም በጣቱ እየጠረገ ይልስ ነበር። እኔ የገመጥሁት ኮምጣጣና ሽቶ ሽቶ የሚል ስለነበር ወዲያው ተፋሁት። ልጁ ግን የሚተፋበት ምክንያት አልነበረውም። ክሬሙ እውነተኛ ስኳር ነበርና «ጨምሩልኝ» አለ።

ደግነቱ ምንም አልሆነም። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ ስላልጠፋ አሠራሩን ጠየቅሁ፣ ራሴም ሞከርሁ፤ ሕጉን ማገላበጡማ የቆየ ልማዴ ነው። ቤት ውስጥ ለስጦታም ሆነ ለሽያጭ ሊሠሩት ለሚያስቡ አንባቢያን የደረስሁበትን እነሆ።

ከስሙ እንጀምር። ፈረንጆቹ «የባኞ ቦምብ» ይሉታል። (በሻንጣ ይዘው የሚጓዙ ሰዎች ፍተሻ ላይ በዚህ ስም ባይጠሩት ይሻላል።) የመጀመሪያውን የሠሩት እንግሊዛዊቷ ሞ ኮንስታንታይን ናቸው። ሴትየዋ እ.ኤ.አ. በ1989 በደቡብ እንግሊዝ በፑል ከተማ፣ በግቢያቸው በነበረ ትንሽ ማከማቻ ቤት ውስጥ ሲሞክሩ ቆይተው ያገኙት ሲሆን፣ ሐሳቡን የወሰዱት ውኃ ውስጥ ሲገባ ከሚፈላው የአልካ ሴልዘር ክኒን ነው። በ1995 ከባለቤታቸውና ከባልደረቦቻቸው ጋር ያቋቋሙት ላሽ የተባለው ኩባንያ ይህንኑ ምርት በዓለም ዙሪያ አስተዋወቀው። የካፕኬክ መልክ የተሰጠው ደግሞ በቤት ውስጥ በሚሠሩ ሰዎችና በሌሎች አምራቾች እጅ ሲገባ ነው።

የሚያፈላው ነገር ምሥጢር የለውም። ቤኪንግ ሶዳ (ሶዲየም ባይካርቦኔት) እና ሲትሪክ አሲድ ደረቅ ሆነው ጎን ለጎን ቢቀመጡ አይነካኩም። ውኃ ሲያገኙ ግን ተዋሕደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ፤ አምቦ ውኃን የሚያስፈላው ጋዝ ማለት ነው። በኬሚስቶች ስሌት 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ ሙሉ በሙሉ ለመጨረስ 131 ግራም ያህል ሶዳ ይበቃዋል። የተለመደው መጠን ግን ሁለት እጅ ሶዳ ለአንድ እጅ አሲድ ነው። ትርፉ ሶዳ በከንቱ አይቀርም፤ የባኞው ውኃ ኮምጣጣ ሆኖ ቆዳ እንዳይቆጠቁጥ ያደርጋል። ወደ ክሬሙ ስንደርስ ሌላም ጥቅም እንዳለው እናያለን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልጥቀስ። ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም። ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ ሶዳው አስቀድሞ ከአሲድና ከስታርች ጋር ተደባልቋል። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ስለነበር ያገኘሁት ሊጥ የመሰለ ነገር ነው።

ለስድስት ኬክ 400 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ 200 ግራም ሲትሪክ አሲድ፣ 60 ግራም ኮርን ፍላወር እና ከተገኘ 60 ግራም ኤፕሰም ጨው ያስፈልጋል። ኮርን ፍላወሩ ድብልቁን ያያይዘዋል፣ አፈላሉንም ያረጋጋዋል። ሁሉንም በወንፊት ነፍቶ፣ እብጠቱን በጣት አፍርሶ፣ በደረቅ ጎድጓዳ ሳህን መቀላቀል ነው። የሲትሪክ አሲድ ብናኝ አፍንጫና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ማድረግ አይከፋም። ቀጥሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ የኮኮናት ዘይት ይገባል። ሽቶ ከተፈለገ ጥቂት ጠብታ ይበቃል፤ ቀለም ከተፈለገም እንዲሁ፣ ሲበዛ ባኞውንም ገላንም ያቀልማልና።

ቀሪው ውኃው ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ውኃ በማንኪያ አይጨመርም። በመርጫ ጠርሙስ አንድ ሁለት ጊዜ እየነፉ ወዲያው በእጅ ማሸት ነው። ድብልቁ «ጭስ» ብሎ መፍላት ከጀመረ ውኃው በዝቷልና ፈጥኖ ማሸት እንጂ መጨመር አያስፈልግም። ልኩ የደረሰ ድብልቅ እርጥብ አሸዋ ይመስላል፤ በመዳፍ ሲጨብጡት ቅርጹን ይይዛል፣ በጣት ሲገፉት ይፈርሳል። ከዚያ በኬክ ወረቀት በተሸፈነ ቅርጽ ውስጥ በማንኪያ ጀርባ ጠቅጠቅ ተደርጎ ይሞላና ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይደርቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር አንድ ቀን ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ኬኩ በቅርጹ ውስጥ እንዳለ ቀስ በቀስ እየፈላ አናቱ ያብጣል፣ ይሰነጠቃልም። በክረምት የሚሠራ ሰው ከሻወር ቤትና ከሚፈላ ድስት ያርቀው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባትም መፍትሔ አይደለም፤ ሲወጣ ላብ ያወጣል።

አሁን ወደ ክሬሙ። ነገሩን ካፕኬክ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ችግሩን የሚያመጣውም እሱ ነው።

በሰፊው የሚታወቀው አሠራር ኬክ ቤት ከሚሠራው የተለየ አይደለም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የእንቁላል ነጭ ዱቄት፣ 450 ግራም ያህል የኬክ ዱቄት ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ክሪም ኦፍ ታርታርና 90 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ በሚክሰር ይመታል። ጠንከር ሲል በክሬም መጭመቂያ ከረጢት በደረቀው ኬክ ላይ ይጠቀለላል። በአንድ ቀን ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ባኞ ውስጥ ሲገባም ሟሙቶ ይጠፋል። ውበቱን አልክድም። ግን የእህቴ ልጅ የሠራችው ይህንን ነበር፣ ሕፃኑ የላሰውም ይህንን ነው። ሽፋኑ የሚበላ፣ ውስጡ የማይበላ ነገር መሥራት ማለት ልጁን በጣፋጭ ጀምሮ ወደ አሲዱ መምራት ማለት ነው። በዚያ ላይ ስኳር በተቀመጠበት መታጠቢያ ቤት ጉንዳን መጥራት ነው፤ ደርሶብኛል።

እኔ የመረጥሁት የሳሙና ክሬም ነው። ሽታ የሌለው ነጭ የገላ ሳሙና በመፋቂያ ተፍቆ ሁለት ኩባያ ሲሞላ፣ ግማሽ ኩባያ ያህል ለብ ያለ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረበት በሚክሰር ይመታል። እንደ እንቁላል ነጭ ሲቆም መጭመቅ ይቻላል። ክሬሙ ውኃ ስላለው በቀጥታ ከኬኩ ጋር እንዳይፋላ አስቀድሞ የኬኩን አናት በቀለጠ የኮኮናት ዘይት በስሱ ቀብቶ ማድረቅ ይገባል። ለመድረቅ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ከስኳሩ ክሬም ጋር ሲነጻጸርም ጫፉ ያን ያህል ስል አይወጣም። ሳሙና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ነጭ ቅርፊት እየሠራ ይበላሻል። ከላይ የጠቀስሁት ትርፍ ሶዳ ውኃውን ከአሲድነት ስለሚያወጣው ሳሙናው አረፋውን ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የላሰው ልጅ ፊቱን አጨማዶ ይተወዋል።

ይህ የእኔ ብቻ ጥንቃቄ እንዳይመስል የሌላውን ዓለም ሕግ እንይ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው መመሪያ ምግብ ሳይሆኑ በቅርጽ፣ በሽታ፣ በቀለም ወይም በማሸጊያ ምግብ የሚመስሉና ሸማቾች፣ በተለይም ሕፃናት፣ ተሳስተው ወደ አፋቸው ሊያስገቧቸው የሚችሉ አደገኛ ምርቶች ለገበያ እንዳይቀርቡ ከልክሎ ነበር። ብሪታኒያም ይህንኑ በራሷ ደንብ ያወጀችው በ1989 ነው። ወይዘሮ ኮንስታንታይን የመጀመሪያውን የባኞ ቦምብ የሠሩበት ዓመት መሆኑ አስገራሚ ግጥምጥሞሽ ነው።

መመሪያው በቀጥታ በባኞ ቦምብ ላይ የተፈተነው ብዙ ቆይቶ ነው። የሊትዌኒያ የሸማቾች መብት ጥበቃ ባለሥልጣን ምግብ የሚመስሉ የባኞ ምርቶች ከገበያ እንዲነሡ አዘዘ፤ አቅራቢው ኩባንያ ተቃወመ፤ ክርክሩ ሉክሰምበርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ሰኔ 2 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ መሀል መንገድ ያዘ። ምግብ መምሰሉ ብቻውን ምርቱን አደገኛ አያሰኘውም፤ ባለሥልጣኑ እያንዳንዱን ምርት ለየብቻ መመዘን አለበት። ይሁን እንጂ ወደ አፍ ቢገባ ጉዳት እንደሚያደርስ በተጨባጭ መረጃ የማስረዳት ሸክም አይጫንበትም፤ የአደጋው ዕድል መኖሩ ይበቃል። በእኔ አስተያየት ትክክለኛ ሚዛን ነው፤ ጉዳቱ እስኪደርስ ማስረጃ የሚጠብቅ ሕግ ለሕፃን አይሆንምና። የ1987ቱ መመሪያ ከታኅሣሥ 13 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲሱ አጠቃላይ የምርት ደኅንነት ደንብ ተተክቷል። አዲሱም የምርቱን መልክ፣ ከምግብ ጋር መምሰሉን ጭምር፣ ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል።

እኛ ዘንድስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በደንበኛው አኳኋን ሲሠራበት ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ግን ኃላፊነት የለም ይላል። የተማሪ ቤት ጥያቄ የሚሆን ነገር እዚህ አለ። የባኞ ቦምብን መብላት ደንበኛ አጠቃቀም ነውን? ሻጩ «አይደለም፣ ለገላ ነው የሸጥሁት» ይላል። የልጁ ጠበቃ ደግሞ «ኬክ አስመስሎ፣ ክሬም ጠቅልሎ፣ በኬክ ሣጥን ያሸገ ሰው ሌላ ምን አጠቃቀም ጋበዘ?» ብሎ ይጠይቃል። የ«ተለመደው ምርመራ» መከላከያም ቢሆን ለሻጩ አያዛልቅም፤ ኬክ በተለምዶ የሚመረመረው በመቅመስ ነዋ! ዳኛ ብሆን ወደ ልጁ አደላለሁ።

በስጦታ የሰጠ ሰው ትርፍ ስለሌለው በዚህ አንቀጽ አይያዝም። ነገር ግን አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰን ሁሉ ካሣ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ጥፋት ደግሞ ቸልተኝነትን ይጨምራል። ሸጦ ለመተዳደር የሚያስብ ሰው ሌላም ሕግ አለበት፤ የመዋቢያ ምርቶች በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚዳኙ ናቸውና ከማምረቱ በፊት ወደ ባለሥልጣኑ መሄድ ይገባዋል።

ስለዚህ ካፕኬኩን ተዉት ማለቴ ነውን? አይደለም። የካፕኬክ ቅርጹን ይዞ ምግብነቱን መተው ይቻላል። የቸኮሌትና የቫኒላ ሽታ ይቅር፤ ላቬንደር ወይም ጠጅ ሣር ይግባ። ቀለሙ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይሁን። የስኳር ፍርፋሪና ቼሪ ቀርተው የደረቀ አበባ ይነስነስበት። በኬክ ሣጥን አይታሸግ። «አይበላም፤ ለገላ መታጠቢያ ብቻ» የሚለው ጽሑፍ ከታች ሳይሆን ከላይ፣ በአማርኛ በጉልህ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል ልጅ ግን ጽሑፍ ምንም ማለት ስላልሆነ ቦታው ከቁምሳጥን በላይ ነው እንጂ ቡና ረከቦት አጠገብ አይደለም።

የባሕር ዛፍ ዘይት ግን ፈጽሞ አይግባ። በየገበያው የሚገኝ፣ ለጉንፋን የምንታጠነው ስለሆነ ደግ ይመስለናል፤ ትንሽ ሕፃን ቢውጠው ጥቂት መጠን እንኳ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። ልጅ ኬኩን ቀምሶ ከተገኘ አፉን በውኃ ማጠብና ጥቂት ውኃ ማጠጣት ይበቃል፤ ለማስመለስ መሞከር ግን ክልክል ነው፣ አረፋው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ካሳለው፣ ከደነዘዘ ወይም ብዙ ከበላ ማሸጊያውን ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ አጠቃቀሙ ነው። አንዱ ኬክ በባሕር ወለል ከፍታ ቢለካ 12 ሊትር ገደማ ጋዝ ይለቃል፤ አየሩ በሳሳበት አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ለሙሉ ባኞ የተለካ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ባኞ የሚሞላ ሰው ስንቱ ነው? ለአብዛኞቻችን እግር ማጠቢያ ሳፋ ይበቃል፤ ለሳፋ ኬኩን በቢላ አራት ቦታ ከፍሎ ሩቡን መጠቀም ነው። ቁስል ላለበት ወይም በስኳር ሕመም ምክንያት የእግር ቁስለት ለሚያሠጋው ሰው አይሰጥም። ባኞ ያለው ሰው ደግሞ ውኃውን ካፈሰሰ በኋላ ወለሉን በሳሙና ይጠበው፤ የኮኮናት ዘይቱ ያንሸራትታል፣ ቀጥሎ የሚገቡት አረጋዊ ሊሆኑ ይችላሉ። የተረፈው አየር በማያስገባ ቆርቆሮ ወይም ማሰሮ ቢቀመጥ ጥቂት ወራት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ አይጎዳም፣ ግን አይፈላም።