መሣሪያውን የሚያቀብል ማን ነው? የኮምፒዩተር ትእዛዞች አሠራር አጭር ታሪክ

በግንባታ ሥራ ላይ የተሰማራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ግንበኛ ከፍ ባለ መወጣጫ ላይ ቆሞ ድንጋይ ሲደረድር ከበታቹ አቀባይ ይቆማል። ግንበኛው ድንጋዩ ከየትኛው ካባ እንደ ወጣ፣ ሲሚንቶው ከየት እንደ ተገዛ አይመረምርም፤ የሚያስፈልገውን ይናገራል፣ ይቀበላል፣ ይሠራል። የኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጽፉ ባለሙያዎች ግን ይህንኑ ቀላል ሥርዓት አውቀው በሥራቸው ሁሉ ላይ ለማዋል ከአርባ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ጉዞ ባጭሩ መተረክና ለዕለት ሥራችን የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሼል ማለት ተጠቃሚው በጽሑፍ የሚሰጠውን ትእዛዝ ተቀብሎ ተገቢውን ፕሮግራም የሚያስነሣ አስተናጋጅ ነው። ስያሜውን ያወጣው በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ በኤም አይ ቲ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1964፣ የቤል ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ዳግላስ ማክኢልሮይ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ አንዱ ካንዱ ጋር የሚቀጣጠሉበት መንገድ ሊኖር እንደሚገባ በአንድ ማስታወሻ አሳሰበ። ሐሳቡ በሥራ ላይ የዋለው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በ1973 ኬን ቶምሰን በዩኒክስ ውስጥ «ፓይፕ» የተባለውን መቀጣጠያ በአንድ ሌሊት ሠርቶ አቀረበ።

የዚህ ፈጠራ ቁም ነገር ከፍጥነቱ ይልቅ በኀላፊነት አከፋፈሉ ላይ ነው። መስመሮችን በፊደል ተራ የሚደረድረው «ሶርት» የተባለው ትእዛዝ፣ መስመሮቹ ከተጠቃሚው ጣት፣ ከፋይል ወይም ከሌላ ትእዛዝ መምጣታቸውን ማወቅ አያስፈልገውም። መግቢያውንና መውጫውን አስቀድሞ ከፍቶ የሚሰጠው ሼሉ ነው። በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ደግሞ፣ በስቲቨን ቦርን ሼል አማካይነት፣ እንደ ፋይል መፈለጊያ ጎዳና ያሉ የአካባቢ መረጃዎችም ለትእዛዙ ከውጭ የሚቀበሉ ሆኑ። ስለዚህ የመጀመሪያው አቀባይ ሼሉ ራሱ ነበር ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ትእዛዞች እየሰፉ ሲሄዱ ይህ ሥርዓት ተዘነጋ። የመረጃ ቋት፣ የደብዳቤ መላኪያ፣ የሰዓት መቁጠሪያ የሚያሻቸው ትእዛዞች ሲጻፉ፣ ጸሐፊዎቹ መሣሪያውን ሁሉ ትእዛዙ በሆዱ ውስጥ ፈልጎ እንዲከፍት ማድረግን ልማድ አደረጉት።

የዚህን ልማድ ጉዳት የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ያልተከፈለ ሒሳብ ላለባቸው ደንበኞች የማስታወሻ መልእክት የሚልክ ትእዛዝ ጽፌ ነበር። አንድ ቀን ማታ ስሌቱን ብቻ ለመፈተን ስል ከአሮጌ መዝገብ ቅጂ ጋር አስነሣሁት። መዝገቡ የሙከራ ቢሆንም፣ ትእዛዙ በውስጡ የሚከፍተው መላኪያ እውነተኛው ነበር። በማግሥቱ ጧት ዕዳቸውን ከከፈሉ ወራት ያለፋቸው ሰዎች በመስኮቱ ፊት ተሰለፉ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ደረሰኛቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው «ልጄ፣ እኔ እኮ ከፍያለሁ» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። መላኪያው ከውጭ የሚቀበል ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ምሽት መልእክቱን በወረቀት ላይ ብቻ የሚመዘግብ ምትክ አቀብዬው ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር።

የመፍትሔው ሐሳብ በሌላ መስክ፣ በክላስ ላይ በተመሠረተው የፕሮግራም አጻጻፍ ዘንድ፣ እየበሰለ ነበር። በ1988 ራልፍ ጆንሰንና ብራያን ፉት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚመራው የጸሐፊው ፕሮግራም ሳይሆን ዙሪያውን የያዘው መዋቅር የሚሆንበትን አሠራር ገለጹ። በ1996 ሮበርት ማርቲን፣ ዋናው የሥራ ሐሳብ በዝርዝር መሣሪያ ላይ ጥገኛ መሆን እንደማይገባው፣ ይልቁንም ሁለቱም በመካከላቸው በሚቆም የሥራ ውል ላይ ሊመሠረቱ እንደሚገባ አስረዳ። በመጨረሻም በ2004 እንግሊዛዊው ማርቲን ፋውለር «ዲፔንደንሲ ኢንጄክሽን» የሚለውን ስም በጽሑፉ አስተዋወቀ። ትርጉሙም አንድ የፕሮግራም ክፍል የሚያስፈልገውን መሣሪያ ራሱ ከመፍጠር ይልቅ ከውጭ እንዲቀበል ማድረግ ነው።

ይህ ሐሳብ ወደ ትእዛዝ አጻጻፍ እንዴት እንደ ተመለሰ ለማየት፣ በፒ ኤች ፒ ቋንቋ የተጻፈው የሲምፎኒ ታሪክ መልካም ምሳሌ ነው። በ2011 በወጣው ሁለተኛ እትሙ፣ የራሱን ትእዛዝ የሚጽፍ ባለሙያ የግምጃ ቤቱን ሙሉ ቁልፍ የሚያስረክብ አንድ የተዘጋጀ ክላስ ይሰጠው ነበር። ትእዛዙም በሥራው መካከል ወደ ግምጃ ቤቱ ገብቶ የፈለገውን ያነሣል። አመቺ ነበር፤ ነገር ግን ትእዛዙ ምን ምን እንደሚያስፈልገው ሙሉውን ጽሑፍ ሳያነቡ ማወቅ አይቻልም፤ ለመፈተንም ግምጃ ቤቱን በሙሉ ማዘጋጀት ያሻል። በአንጻሩ ትእዛዙ የሚሻውን ሁሉ ኮንስትራክተር በሚባለው የመነሻ ክፍሉ ዘርዝሮ ከተቀበለ፣ ዝርዝሩ በንብረት ክፍላችን እንደምናውቀው የወጪ ሰነድ፣ እንደ ሞዴል 22፣ ይቆጠራል፤ የወጣው ዕቃ ሁሉ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል።

አዲሱ መንገድም የራሱ ችግር አልጠፋበትም። የትእዛዞቹን ስም ዝርዝር ብቻ ለማየት ሲፈለግ፣ ትእዛዞቹ ሁሉ ከነመሣሪያቸው ይፈጠሩ ነበርና ሥራው ይዘገይ ነበር። በ2017 በወጣው 3.4ኛ እትም፣ ስሙ ለብቻው እንዲመዘገብና የተጠራው ትእዛዝ ብቻ እንዲፈጠር በማድረግ ይህ ተቃለለ። ከዚህ በኋላ አሮጌው ክላስ በ2018 እንዲተው ተነገረ፤ በ2019 ከአምስተኛው እትም ጨርሶ ተወገደ።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ሦስት ነው። በመጀመሪያ፣ ትእዛዙ የሚያስፈልገውን በመነሻው ይናገር፤ በጓሮ በር አይውሰድ። ሁለተኛ፣ የትኛው መሣሪያ እንደሚሰጥ የሚወሰነው በአንድ ቦታ፣ በፕሮግራሙ መግቢያ ላይ ይሁን። ሦስተኛ፣ ሰውን የሚነካ መሣሪያ፣ ማለትም ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ፣ መልእክት የሚልክ፣ መዝገብ የሚሰርዝ፣ ሁልጊዜ በምትክ ሊለወጥ የሚችል ይሁን። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሚጣል የዐሥር መስመር ትእዛዝ ይህ ሁሉ ሥርዓት ትርፍ ድካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያ የእኔ ትእዛዝም ሲጀመር ዐሥር መስመር ነበር።